ሁለት ቅጂ፣ አንድ ሸክላ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ኢየሩሳሌም ተከባለች። የባቢሎን ሠራዊት ዙሪያዋን ሰፍሯል። ኤርምያስ በግዞት ቤት አደባባይ ታስሯል። በዚህ ቀውጢ ሰዓት የአጎቱ ልጅ ሐናምኤል መጥቶ «በዓናቶት ያለውን እርሻዬን ግዛኝ» ይለዋል። እስቲ አስቡት፣ ነገ ጠላት የሚወርሰውን መሬት ማን ይገዛል? ኤርምያስ ግን ነገሩ ከእግዚአብሔር እንደሆነ አውቆ ገዛ። ዐሥራ ሰባት ሰቅል ብር መዝኖ ከፈለ፣ ምስክሮች አቆመ፣ ውሉን ፈረመ። ታሪኩን በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 32 ላይ ታገኙታላችሁ።

በዚህ ክፍል ብዙ ጊዜ የሚሰበከው ስለ ተስፋ ነው፤ ተገቢም ነው። እኔን ግን ሁሌ የሚይዘኝ የውሉ ነገር ነው። ውሉ ሁለት ነበር። አንዱ በማኅተም የታሸገ፣ ሌላው ክፍት። ነቢዩ ሁለቱንም ለጸሐፊው ለባሮክ ሰጠውና ብዙ ዘመን እንዲቆዩ በሸክላ ዕቃ ውስጥ አኑራቸው አለው። የታሸገው ማንም እንዳይነካካው ነው። ክፍቱ ደግሞ እንዲነበብ። ጠላት በር ላይ ቆሞ እግዚአብሔር ስለ መዝገብ አያያዝ ያዝዛል።

እኛ ዘንድ የታሸገው ሞልቷል፤ የጎደለን ክፍቱ፣ ማለትም የብራና መጻሕፍቶቻችን ቅጂ ነው።

የአጥቢያችን ታሪክ የት ነው ያለው ብትሉ፣ አብዛኛው ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። ያውም ለብቻው በተጻፈ የታሪክ መጽሐፍ ሳይሆን በወንጌሉ ኅዳግ (በጽሑፉ ዳርና ዳር ባለው ባዶ ቦታ) እና በመጀመሪያና በመጨረሻ ባሉት ባዶ ቅጠሎች ላይ። ማን ምን መሬት ለቤተ ክርስቲያኑ ሰጠ፣ ማን መጽሐፍ አጻፈ፣ ማን አለቃ ሆኖ ተሾመ፣ ሁሉም እዚያ ተጽፏል። አባቶች ይህን ወንጌሉ ላይ የጻፉት ወረቀት አጥተው አይመስለኝም። በወንጌል ፊት የተጻፈን ነገር ማን ደፍሮ ይክዳል? የሐይቅ እስጢፋኖስን ወንጌል ብናይ፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ የሰጡት ነው። ለገዳሙ ያበረከቷቸው መጻሕፍት ዝርዝርም እዚያው ላይ ሰፍሯል። የዚያ ዘመን የገዳም ቤተ መጻሕፍት ምን ይመስል እንደነበር ዛሬ ለማወቅ ይህች ዝርዝር ትረዳናለች።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። መጻሕፍቱን ፎቶ ሊያነሣ ካሜራ ይዞ ዕቃ ቤት ደጃፍ የቆመ ወጣት ብዙ ጊዜ የሚገጥመው የዕቃ ቤቱ ጠባቂ የቄሰ ገበዙ «አይሆንም» ነው። ይህን ድንቁርና የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲገባ ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የሰበሰቧቸውን መጻሕፍት ጭኖ ሄደ። 350 ያህሉ ዛሬም ለንደን ናቸው። ከዚያም ወዲህ ሊያጠና መጥቻለሁ ብሎ ቅጠል ገንጥሎ የሄደው ስንቱ ነው። እባብ ያየ በልጥ ይበረያል። ቄሰ ገበዙን ከመውቀስ በፊት ይህን ማሰብ ደግ ነው።

ግን ደግሞ ብራናው ራሱ ምን እንደሚል እንይ። መጻሕፍቱ ላይ የታወቀ ግዝት አለ፤ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን»። የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። የገለበጠው አልተወገዘም። እንዲያውም መጽሐፍ ማስገልበጥ ጽድቅ ነበር። ባለጠጋው ለነፍሱ ብሎ ያስጽፋል፣ ጸሐፊው በመቃ ብዕሩ ይገለብጣል፣ መጽሐፉ ወደ ሌላው ደብር ይሄዳል። ዛሬ ካሜራ የሚሠራው ይህንኑ የቁም ጸሐፊ ሥራ ነው፤ ፎቶ የተነሣ መጽሐፍ ቢሰረቅ ደግሞ የደብሩ ለመሆኑ ማስረጃ አለ። ያልተነሣው ጠፍቶ ቢቀር የማን ነበር ብሎ የሚከራከርለት አይኖርም።

ይህን ቀድመው የገባቸው አባቶችና ምሁራን ነበሩን። በ1973 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ። ሥራው እስኪቆም ድረስ 9,000 ገደማ መጻሕፍት ተነሡ፣ የሐይቁ ወንጌልም ከእነዚያ አንዱ ነው። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው አሜሪካ ሚኒሶታ፣ በቅዱስ ዮሐንስ ገዳም የሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። በደርግ ዘመን በጥይት ተመትተው በተሽከርካሪ ወንበር የቀሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ከማረፋቸው በፊት ለብዙ ዓመታት እዚያ እነዚህን መጻሕፍት እያነበቡ፣ ዝርዝራቸውን እያዘጋጁ ኖሩ። ዛሬ ብዙዎቹ በዚሁ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ በነጻ ይታያሉ። ተመዝግቦ መግባት ብቻ ነው። እስቲ የአያቶቻችሁን ደብር ስም ፈልጉ።

ፎቶ ከተነሡት ምን ያህሉ እናት (ዋና) ብራና ዛሬ በቦታው እንዳለ እግዚአብሔር ይወቀው። በሰሜኑ ጦርነት የተጎዱትን ገዳማትና አድባራት አይተናል። ኤርምያስ 36 ላይ ንጉሡ ኢዮአቄም በክረምት ቤቱ እሳት አስነድዶ የነቢዩን ክርታስ በካራ እየቀደደ ያቃጥላል። ባሮክ ሌላ ክርታስ ወስዶ ከነቢዩ አፍ እየሰማ እንደገና ጻፈው። እኛ ግን ኤርምያስ አጠገባችን የለም። የተቃጠለውን ማን ያጽፈናል?

ስለዚህ ሥራው የጉባኤ ተማሪውም የሰንበት ትምህርት ቤቱም ነው። መጀመሪያ ግን ፈቃድ። ከሰበካ ጉባኤውና ከሀገረ ስብከቱ በጽሑፍ፤ ቅጂውም በደብሩ እጅ እንዲቀር። ከዚያ እጅ ታጥቦ በደንብ ይደርቃል። ፍላሽ አይበራም። መጽሐፉን ጀርባው እስኪሰነጠቅ አትለጥጡት፤ ሁለቱን ገበታዎች (የእንጨት ሽፋኖች) በትራስ ደግፉና በግማሽ ክፈቱት። ጧፍ አጠገቡ አይድረስ፣ የስንቱ ስንክሳር ፊደል ሰም ተንጠባጥቦበት ጠፍቷል። የማየው ትልቁ ስሕተት ደግሞ ሰው ጽሑፉ ላይ ብቻ አነጣጥሮ ኅዳጉን ቆርጦ መጣሉ ነው። ታሪኩ ያለው እኮ እዚያ ነው! ከጥግ እስከ ጥግ አንሡ፣ ባዶ የሚመስለውንም ቅጠል ጭምር። ፋይሉ ላይ የደብሩን ስም፣ የመጽሐፉን ስም፣ የቅጠሉን ቁጥር ጻፉ። ቢያንስ ሦስት ቦታ አስቀምጡ። የቴሌግራም ቻናል መዝገብ ቤት አይሆንም፤ ፎቶውን ጨምቆ ያደበዝዘዋል፣ ከሳምንት በኋላም በመልካም ምኞት ካርድ ተቀብሮ ታገኙታላችሁ።

ክፍት ይሁን ስንል ሁሉም ነገር ማለት አይደለም። ጽላት ፎቶ አይነሣም፣ ይህ ክርክርም የለበትም። የሰው ንስሐ የሚነካ ወረቀት ከተገኘም ወደ ቦታው ይመለስ። መጻሕፍቱ የሚቀመጡበትን ሣጥንና በር የሚያሳይ ፎቶ አትለጥፉ፤ የስልኩንም ሎኬሽን አጥፉት። ለሌባ ካርታ መሥራት ይሆናል።

በውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች «እኛ ብራና የለንም» ትሉ ይሆናል። የእናንተ ታሪክ ግን ከብራናም በላይ ቶሎ የሚጠፋ ነው። በቪኤችኤስ ካሴት፣ በድሮ ፎቶ አልበም፣ ከሁሉም በላይ በእናቶች አፍ ነው ያለው። በተከራዩት አዳራሽ ቅዳሴ የጀመሩት ብዙዎቹ ሸምግለዋል። ኦሪት ዘዳግም 32፥7 አባትህን ጠይቅ፣ ሽማግሌዎችህንም ጠይቅ ይላል። ከቅዳሴ በኋላ ከጸበል ጸዲቁ ጋር ከአንዲት እናት አጠገብ ተቀመጡና ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ስልኩን ክፈቱ። የመጀመሪያውን ቅዳሴ የቀደሱት ማን ነበሩ? የአዳራሹን ኪራይ ማን ከፈለ? ከበሮውና ጸናጽሉ በማን ሻንጣ መጣ? ቀረጻው ላይ ስማቸውንና ቀኑን አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ ሲጨርሱም አንድ ቅጂ ለልጆቻቸው ስጡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።