ውሻ የሚፈራ ሁሉ የተነከሰ አይደለም፦ ስለ ውሻ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እኔንና ታላቅ ወንድሜን የነከሰችን አንዲት ውሻ ናት። በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ።

ቦታው አዲስ አበባ፣ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። ዳቦ ቤቱ አጠገብ ከቆመ አይሱዙ ሥር ወልዳ ነበር። እኔ 8 ዓመቴ ነው፣ እሱ 12። አንዱን ቡችላ ላነሳ ጎንበስ ስል ባቴን ያዘችኝ። ወንድሜ ሊያስለቅቀኝ ሲሞክር እጁን ነከሰችው። ሁለታችንም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወደሚሰጥበት ፓስተር ተወሰድን። ሁለታችንም 14 ቀን ሙሉ ሆዳችን ላይ ተወጋን።

ወንድሜ ዛሬ ሁለት ውሾች ያሳድጋል። እኔ ግን እስከ 30 ዓመቴ ድረስ ከአራት ኪሎ ፒያሳ በእግሬ ስሄድ ውሻ የማይተኛበትን መንገድ እየመረጥኩ እዞር ነበር። ቤተሰቡ «እሱ ደፋር ነው፣ አንቺ ፈሪ ነሽ» ብሎ ነገሩን ዘጋው። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ስለዚህ ሰው እጠይቃለሁ። ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ማኪያቶ ስንጠጣ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። «አንተ ከውሻ ጋር እንዴት ነህ?» እላለሁ። ሁሉም የሚነግረኝ ታሪክ አለው። ከታሪኩ በኋላ የሚመጣው ድምዳሜ ግን ብዙ ጊዜ ስህተት ነው። ደጋግሜ የሰማኋቸውን አንድ በአንድ ልመልስ።

«ውሻ የሚፈራ ሰው ልጅ ሆኖ የተነከሰ ነው»

በብዛት የምሰማው ይሄን ነው። ግማሹ እውነት ነው። መነከስ ያስፈራል። ግን የወንድሜ ነገርስ?

እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመ አንድ የሥነ ልቦና ጥናት ይህንኑ ጥያቄ አንስቷል። ውሻ የሚፈሩና የማይፈሩ ሰዎች «ከውሻ ጋር ክፉ አጋጣሚ ነበራችሁ?» ተብለው ተጠየቁ። ከማይፈሩትም ብዙዎቹ «አዎ» አሉ። ልዩነቱ የተገኘው ሌላ ቦታ ነው። የሚፈሩት ሁሉ፣ ውሻ ባገኘሁ ቁጥር እደነግጣለሁ፣ ጉዳትም ይደርስብኛል ብለው ይጠብቃሉ። ከማይፈሩት ግን እንዲህ የሚያስቡት ጥቂት ናቸው።

ይህ ግምት ከየት ይመጣል? ስታንሊ ራክማን የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1977 ፍርሃት በሦስት መንገድ እንደሚገባ ጽፏል። አንዱ በራስ ላይ የደረሰ ነገር ነው። ሁለተኛው ሌላ ሰው ሲፈራ ማየት ነው። ሦስተኛው በወሬ፣ በተነገረን ነገር።

እነዚህን ሦስቱን በእኔ ቤት ስመለከታቸው ሁሉም ነገር ግልጽ ይሆንልኛል። እናቴ ውሻ ስታይ እጄን ጨብጣ ትጎትተኝ ነበር። የምትጨብጠው ደግሞ እስኪያመኝ ነው። እህል አልበላ ስል «ያ ውሻ መጣልሽ!» እባላለሁ። ስለዚህ ከመነከሴ በፊትም ፈሪ ነበርኩ። ያን ቀን ቡችላውን ላነሳ የሞከርኩት ውሻ ስለለመድኩ አይደለም። ቡችላ ውሻ መሆኑን አላወቅኩም ነበር ማለት ይቻላል። ወንድሜ ግን ትምህርት ቤት እስኪገባ ያደገው አያታችን ዘንድ ነው። እዚያ ቦቢ የሚባል ውሻ ነበር። ከቦቢ ጋር ተኝቷል፣ እንጀራ ተካፍሏል። ስለዚህ አይሱዙው ሥር ያችን ውሻ ሲያይ በልቡ አራት ዓመት ሙሉ መልካም ነገር ነበር። አንዲት ንክሻ ያንን አላጠፋችውም። «ልጆቿን ልንወስድባት መስሏት ነው» አለ። እኔ እንዲህ ብዬ ማሰብ የምችልበት ምንም ነገር አልነበረኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ከንክሻው ይልቅ የማስታውሰው ጩኸቱን ነው። የጎረቤቱን ጩኸት፣ የእናቴን ልቅሶ፣ «አበደች! አበደች!» የሚለውን ድምፅ። ከዚያ መርፌውን።

«ሐበሻ ውሻ አይወድም»

ይሄ ያናድደኛል። «ባህላችን ነው፣ ሃይማኖታችን ነው» ይላሉ። እውነት ነው፣ ውሻ ቤተ ክርስቲያን አይገባም። ሙስሊም ወገኖቻችንም የውሻ ምራቅ ከነካቸው ለሶላት ይጠነቀቃሉ። ይህ ግን የንጽሕና ሥርዓት እንጂ የጥላቻ ትእዛዝ አይደለም። በመጽሐፈ ጦቢት ልጁ ጦብያ መንገድ ሲወጣ ውሻው አብሮት ይሄዳል። በሉቃስ ወንጌል አልዓዛር ደጅ ላይ ወድቆ ሲቀር ቁስሉን የላሱለት ውሾች ናቸው። በቁርኣን የዋሻው ሰዎች ታሪክ ውስጥ ውሻቸው በዋሻው ደጃፍ ተዘርግቶ ይጠብቃል። ለተጠማ ውሻ በጫማው ውኃ ቀድቶ ያጠጣው ሰው በዚያ ሥራው እንደተማረም ሐዲስ ይናገራል። ቤተ መንግሥትም ብንሄድ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ የሚባል ትንሽ ውሻ ነበራቸው።

አንድ ሐበሻ የሚባል ስሜት የለም። ለማየት መሀል አዲስ አበባን አንድ ሌሊት መዞር ይበቃል። ኪዳን ለማድረስ በ11 ሰዓት ወደ ጊዮርጊስ የሚወጡ እናት ውሻን የሚያውቁት በጨለማ ነው፣ በመንጋ። ነጠላቸውን ጠበቅ አድርገው፣ ዱላ ይዘው ነው የሚሄዱት። የዚያው መንገድ የጥበቃ ሠራተኛ ግን እነዚያኑ ውሾች በስም ያውቃቸዋል። ሌሊቱን አብረው ነው የሚያነጉት። ለገሃር አካባቢ ጎዳና ላይ የሚያድሩ ልጆች ውሻ አቅፈው ይተኛሉ። ይሞቃቸዋል፣ ሰው ሲመጣም ይጮኽላቸዋል። ቆጣሪ የሚያነበው ልጅ ደግሞ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል በር ባየ ቁጥር ሆዱ ይላወሳል። ሁሉም አንድ ከተማ ውስጥ ናቸው፣ ብዙዎቹም አንድ ሃይማኖት አላቸው። የሚለያያቸው በስንት ሰዓት፣ በምን ሥራ ላይ ሆነው ከውሻ ጋር እንደተገናኙ ነው።

«ውሻ ፍርሃት ይሸተዋል፣ ስለዚህ ፈሪውን ይነክሳል»

የመጀመሪያው ክፍል እውነትነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት በፈሩ ሰዎች ላብ ጠረን ውሾችን ፈትኗል። ውሾቹ ጠረኑን ለይተዋል። ግን ምን ሆኑ? እነሱም ተጨነቁ። ወደ ባለቤታቸው ተጠጉ፣ ከማያውቁት ሰው ራቁ። ፍርሃታችን ተጋባባቸው ማለት ነው። ጥቃት ግን ሌላ ነገር ነው። ችግር የሚያመጣው ብዙ ጊዜ የፈራ ሰው የሚያደርገው ነው። መሮጥ፣ መጮኽ፣ እጅ ማወናጨፍ፣ ዓይን ዓይኑን ማፍጠጥ። ሯጭን መከተል የውሻ ተፈጥሮ ነው። ቀጥ ብሎ መቆም፣ ጎን መስጠት፣ ቀስ ብሎ መራቅ ይሻላል። ለፈሪ ሰው ይህ ከባድ እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ቢሆንም ይለመዳል።

«የሚጮኽ ውሻ አይነክስም፣ ጭራውን ከቆላ ደስ ብሎት ነው»

ሁለቱም አያስተማምኑም። ጩኸት ብዙ ጊዜ «ራቅ» ማለት ነው፣ ካልራቁለት ሊነክስ ይችላል። ጭራም እንደ አያያዙ ነው። መላ ሰውነቱ ላላ ብሎ ጭራው በሰፊው ቢወዛወዝ አንድ ነገር ነው። ሰውነቱ ደርቆ፣ ጭራው ቀጥ ብሎ ቆሞ ቶሎ ቶሎ ቢንቀጠቀጥ ሌላ ነው።

«ፍርሃቷ እንዲለቃት ውሻው ላይ አስጠጓት»

በ10 ዓመቴ አንድ ዘመዳችን ይህን አደረጉብኝ። በክፋት አይደለም። እጄን ይዘው በግድ የውሻውን ጀርባ አስነኩኝ። እየሳቁ ነበር። ሽንቴ አመለጠኝ። ከዚያ በኋላ የሸሸሁት ውሻውን ብቻ አይደለም፣ እሳቸውንም ጭምር ነው።

ፍርሃት የሚለቀው በሌላ መንገድ ነው። ይህ ከታወቀ መቶ ዓመት አልፎታል። ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1924 ጥንቸል የሚፈራ ፒተር የተባለ ሕፃን ታሪክ ጽፋለች። ሕፃኑ የሚወደውን ምግብ እየበላ ጥንቸሏ በሩቁ ትቀመጣለች። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ትቀርባለች። በመጨረሻ ሕፃኑ በእጁ ዳሰሳት። እ.ኤ.አ. በ1967 ደግሞ አልበርት ባንዱራና ባልደረቦቹ ውሻ የሚፈሩ ትንንሽ ልጆችን ወሰዱ። አንድ የማይፈራ እኩያቸው ከውሻ ጋር ሲጫወት በአጭር በአጭሩ አሳዩአቸው። ያስገደዳቸው ሰው የለም። ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ ወደ ውሻው ቀረቡ።

እኔም የዳንኩት እንዲሁ ነው፣ ያኔ ግን አላወቅኩትም። ካዛንቺስ እሠራ ነበር። የግቢው ዘበኛ አንድ አባባ ናቸው። መቻል የሚባል ቡናማ ውሻ አላቸው። የመጀመሪያው ቀን በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። አባባ አልሳቁም፣ አልገፉኝምም። «ልያዘው፣ እለፊ የኔ ልጅ» አሉኝ። በየጠዋቱ እንዲሁ ሆነ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቆሜ ሲያበሉት ማየት ጀመርኩ። ከዚያ ከሥጋ ቤት አጥንት ይዤ መጥቼ በሩቁ እወረውርለት ጀመር። አንድ ቀን ሳላስበው አጠገቡ ነበርኩ። መቻል አጥንቱን ከእጄ ተቀበለኝ፣ በጥርሱ ጫፍ፣ ቀስ ብሎ። እስከዚያ ቀን ድረስ ወደ አንድ ዓመት ገደማ ወስዶብኛል። አባባ አንድም ቀን «አሁንም ትፈሪያለሽ?» ብለውኝ አያውቁም።

ዛሬም የማላውቀው ውሻ ሲጠጋኝ ልቤ ይመታል። ግን መንገድ አልቀይርም።

«የሰፈር ውሻ በተፈጥሮው ክፉ ነው»

ውሻውም የራሱ ታሪክ አለው። ቡችላ ከተወለደ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ባለው ጊዜ ዓለምን ይማራል። በዚህ ጊዜ ደግ እጅ ያየ ቡችላ ሰው ይወዳል። ርግጫ ያየ፣ ወይም ሰው ቀርቦት የማያውቅ፣ ሲያድግ ይፈራል። የፈራ ውሻ ደግሞ ይነክሳል።

በእኛ ከተማ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ዘዴ አለ። ውሻ ሲመጣብህ ድንጋይ እንደምታነሳ ጎንበስ በል፣ ይሸሻል። ብዙ ጊዜ ይሠራል። ለምን እንደሚሠራ ግን አስቡት። ስንት ድንጋይ ቢያርፍበት ነው? የወንድሜ ውሾች ፊት ጎንበስ ብትሉ መጥተው ፊታችሁን ይልሷችኋል። ድንጋይ አያውቁም።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲነሱ ሰው ሄዶ ውሻ የቀረበት ግቢ በዓይኔ አይቻለሁ። ቤቱ ፈርሷል፣ በሩ የለም። ውሻው ግን በሩ የነበረበት ቦታ ላይ ተኝቶ ይጠብቃል። ከወር በኋላ ያው ውሻ መንጋ ውስጥ ገብቶ አላፊ አግዳሚውን ሲያባርር ብናየው «ክፉ ነው» እንላለን።

«ውሻው ጤነኛ ይመስላል፣ ደግሞ ያንን መርፌ አልችልም»

እዚህ ላይ እባካችሁ ልብ በሉ። የሰው ሕይወት ያለበት ስህተት ይሄ ነው። የድሮ ትዝታ ሰውን ከሕክምና ሲያስቀር አይቻለሁ። በእኛ ጊዜ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከእንስሳ አንጎል የሚዘጋጅ ነበር። 14 ቀን በየቀኑ ሆድ ላይ ይሰጣል፣ ያማል። ያንን ያየ ወይም የሰማ ሰው ዛሬም «ልቅርብኝ» ይላል። አሁን ያለው ዘመናዊ ክትባት ሌላ ነው። የሚሰጠው ክንድ ላይ ነው፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ 4 ወይም 5 ጊዜ።

ያበደ ውሻ ሁሉ አረፋ እየደፈቀ አይሮጥም። አንዳንዱ ዝም ይላል፣ መንጋጋው ይላላል፣ ጥግ ይዞ ይተኛል። ምልክቱ ከመታየቱ ከቀናት በፊትም በምራቁ ሊያስተላልፍ ይችላል። ከተነከሳችሁ ወይም ውሻው የተቧጨረ ቆዳችሁን ከላሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በወራጅ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም። የታወቀ ውሻ ከሆነ 10 ቀን ታስሮ ይታያል። እናንተ ግን ያንን ጠብቃችሁ አትዘግዩ። ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው እንደሚሞት ይገመታል። በሽታውን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሰው የሚያስተላልፈው ደግሞ ውሻ ነው።

«ታዲያ ውሾቹን መግደል ነዋ» የሚሉኝ አሉ። ግድያ በሽታውን አያቆመውም። የተከተበው ሲሞት ያልተከተበ ይተካዋል። የሚያቆመው ቢያንስ 70 በመቶ የሚሆኑትን ውሾች መከተብ ነው።

ባለፈው ጥር የጎረቤቴን ልጅ ቡችላ ነከሳት። 6 ዓመቷ ነው። እናቷ ልትጮኽ አፏን ስትከፍት ትከሻዋን ያዝኩ። ልጅቷን ቧንቧ ሥር አስቀመጥኳት። ሳሙናውን ራሷ ያዘች። 15 ደቂቃው እስኪሞላ አብረን ቆጠርን፣ ስትሳሳት ከአንድ እየጀመርን። መሃል ላይ ቀና ብላ «ስሙ ማነው?» አለችኝ። የቡችላውን ማለቷ ነው። ስም እንደሌለው ነገርኳት።

ከዚያ ሐኪም ቤት ሄድን። እየተወጋች «መቻል ይባል» አለች። ስለ መቻል መንገድ ላይ ነግሬያት ነበር።