ኤምአርዲ-2 ምንድን ነው?

ከዓይን ስር ያለን እብጠት በኦፕራሲዮን ስለማስነሳት የሚያወራ ሰው ሰሞኑን እንዲህ ሲል ሰማሁ፦ «ኤምአርዲ-2 ከ5 ወደ 7 ሚሊ ሜትር አድጎላታል፤ ዓይኗ ተከፍቷል፤ አሪፍ ውጤት ነው።»

ወንድሜ፣ አሪፍ አይደለም። የታችኛው የዓይን ቆቧ ወርዷል።

ልኬቱ ቀላል ነው። ታካሚዋ ቀጥ ብላ ፊት ለፊት ታያለች። ትንሽ ባትሪ ይበራላታል። ብሌኗ መሃል ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ብልጭ ትላለች። ከዚያች ነጥብ እስከ ታችኛው ቆብ ጠርዝ ያለው ርቀት ነው ኤምአርዲ-2 የሚባለው። በአብዛኛው ሰው 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠርዙም የዓይኑ ጥቁር ክፍል ከሚያልቅበት አካባቢ ይገጥማል። ከኦፕራሲዮን በኋላ ቁጥሩ ከጨመረ ከጥቁሩ በታች ነጩ መታየት ይጀምራል። ዓይኑ አልተለቀም፤ ቆቡ ተጎትቶ ነው። እንዲህ ያለ ዓይን ይደርቃል፣ ነፋስ ሲነካው ያነባል፣ ሲተኙ በደንብ አይከደንም።

ብዙ ሰው የማይዋጥለት ይኼ ነው፦ ስብ ለማውጣት ወይም ቆዳ ለመቀነስ በተሠራ ኦፕራሲዮን ጥሩ ውጤት የሚባለው ይህ ቁጥር ንቅንቅ አለማለቱ ነው። ቀሚስ ወደ ልብስ ሰፊ ወስዳችሁ «ወገቡ ላይ የተንዘረፈፈውን ቀንስልኝ» አላችሁ እንበል። ስትለብሱት ጫፉ ከጉልበት በላይ ወጥቷል። «እግሬ ረዘመ» ብላችሁ ታመሰግኑታላችሁ? ጨርቁን ከልክ በላይ ቆርጦታል እንጂ! ጎበዝ ሰፊ ደግሞ ከመቁረጡ በፊት የወገቡን ላስቲክ ሳብ አድርጎ ይለቀዋል። እኛ ሐኪሞችም ቆቡን ወደ ታች ሳብ አድርገን እንለቀዋለን። ሳያርገበግቡ ቶሎ ካልተመለሰ ላልቷል ማለት ነው፤ ቆዳ ከመቁረጥ በፊት ማጥበቅ ያስፈልገዋል። ምሳሌው የሚበጠሰው እዚህ ጋ ነው፦ የቀሚስ እጥፋት ተፈትቶ ይረዝማል። ከልክ በላይ የተቆረጠ የቆብ ቆዳ ግን አንዳንዴ ከጆሮ ጀርባ ቆዳ ተወስዶ ይጣፍበታል።

ሁሉም እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። ግሬቭስ በሚባለው የታይሮይድ ዕጢ በሽታ ዓይኑ የወጣ ወይም ቀድሞውኑ ቆቡ የወረደበት ሰው ሳይነካም ቁጥሩ ትልቅ ነው። ለእሱ የምንሠራው ቁጥሩን ለመቀነስ ነው። ደግሞ እኛ አገር የቆብ ኦፕራሲዮን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ትራኮማ ፀጉሩን የቀለበሰበትን ነው። እሱ በአብዛኛው የላይኛው ቆብ ነው፤ ዓይን ለማዳን እንጂ ለውበት አይሠራም።

እብጠቱ ራሱስ በምን ይለካ? በኤምአርዲ-2 በፍጹም አይለካም። ፌስ-ኪው የሚባል መጠይቅ አለ፤ ታካሚዋ ስለ ታችኛው ቆቧ የሚሰማትን ጠይቆ ከ0 እስከ 100 ነጥብ ያወጣል። ፎቶም አለ፤ ግን የትኛው በፊት፣ የትኛው በኋላ እንደሆነ ያልተነገረው ሰው ሲዳኘው ነው የሚታመነው። በፎቶ ላይ ሚሊ ሜትር ለማውጣት ደግሞ ጥቁሩን እንደ ማስመሪያ እንጠቀማለን፤ የጎን ስፋቱ በአዋቂ ሰው ወደ 11.7 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከሰው ሰው ብዙም አይለያይም። ታካሚዋ ፈገግ ካለች ግን ጉንጯ ቆቡን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ልኬቱ ተበላሸ።

ያ «አሪፍ ውጤት ነው» ያለው ሰው ያሳየውን ሁለት ፎቶ፣ የበፊቱንና የበኋላውን፣ አጉልቼ አየሁት። በፊተኛው ብሌኗ ላይ ያለችው ብልጭታ ነጥብ ናት፣ ከፍ ብላ፤ የጣሪያ መብራት ነው፣ ከዓይን ስር ጥላ ይጥላል። በኋለኛው ብልጭታዋ ቀለበት ሆናለች። ቲክቶከሮች ፊታቸው የሚያቆሙት ሪንግ ላይት ነው፤ ጥላ የሚባል ነገር አይተውም።