«ወግ አጥባቂ ሁሉ ይቃወመዋል» እና ሌሎች የሰለቹኝ አባባሎች

ዋሽንግተን አካባቢ በአስተርጓሚነት ስሠራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። በአሜሪካ ምድር የተወለደ ዜጋ ይሆናል ስለሚለው ሕግ በየለቅሶ ቤቱ የምሰማው ስህተት ግን ዛሬም ያው ነው።

«ልጁ ዜጋ ከሆነ እኛም ወረቀት እናገኛለን።» ልጁ ለወላጆቹ ማመልከት የሚችለው 21 ዓመት ሲሞላው ነው። ያለ ቪዛ ድንበር አቋርጦ የገባ ወላጅ ደግሞ ያኔም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከአገር ወጥቶ 10 ዓመት መጠበቅ ይገጥመዋል። ይህን የተረጎምኩላት አንዲት እናት ጠበቃውን ትታ እኔን ተቆጣች።

«እንዲህ ያለ ሕግ ያላት አሜሪካ ብቻ ናት።» ካናዳ፣ ሜክሲኮ፣ ብራዚልስ?

የሚያንገበግበኝ ግን «ወግ አጥባቂ ሁሉ ይቃወመዋል» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 የጸደቀው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ዜጋ የሚለው በአሜሪካ የተወለደውን «እና ለሥልጣኗ ተገዢ የሆነውን» ነው። ሰው የፊተኛውን ይዞ የኋለኛውን ይጥላል፤ ጠቡ ያለው ግን እዚያው የተጣለው ላይ ነው። እንደ ሕግ ባለሙያው ጆን ኢስትማን ያሉት ወግ አጥባቂዎች «ተገዢ» ማለት ሙሉ ታማኝነት ያለበት ነው፣ ያለ ፈቃድ የሚኖር ሰው ልጅ አይገባበትም ይላሉ። በኋላ ትራምፕ ራሳቸው ለይግባኝ ፍርድ ቤት ዳኝነት የሾሟቸው ጀምስ ሆ እ.ኤ.አ. በ2006 የጻፉት ግን ተቃራኒውን ነበር፦ የአገሩ ሕግ የሚገዛው ሁሉ ተገዢ ነው፤ የዲፕሎማት ልጅን የመሰለው ብቻ ነው የሚቀረው። በ1898 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከቻይናውያን ወላጆች ሳን ፍራንሲስኮ የተወለደው ዎንግ ኪም አርክ ዜጋ ነው ብሎ 6 ለ 2 ፈረደ። እነ ኢስትማን «ወላጆቹ እኮ በሕግ የሚኖሩ ነበሩ» ይላሉ፤ ይህም የሚናቅ ክርክር አይደለም።

በጥር 2025 ትራምፕ ይህን መብት ለመገደብ የፈረሙትን ትእዛዝ በሦስተኛው ቀን ያገዱት የሲያትል ዳኛ በሬገን የተሾሙ ናቸው። ይህን ስናገር አንድ አዛውንት «የሬገን ሰው እንዴት የራሱን ወገን ያግዳል?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ዳኛ እንጂ ካድሬ አይደሉም» አልኳቸው። አላመኑኝም።

«በሰኔ 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መብቱን ሻረው።» ያን ቀን የወሰነው አንድ ዳኛ የመንግሥትን ትእዛዝ ለመላ አገሪቱ ማገድ ይችላል ወይ የሚለውን ብቻ ነው።

«ልጄ የሁለት አገር ዜጋ ነው።» በአሜሪካ በኩል ችግር የለውም። የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 378/1996 ግን ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። ውጭ አገር በመወለዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ልጅ፣ አካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ያንን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን መምረጡን ካላስታወቀ እንደተወው ይቆጠራል። ለማንኛውም የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት ዛሬውኑ አውጡ፤ ስሙ ከወላጆቹ ፓስፖርት ጋር በፊደል አንድ መሆኑን አረጋግጡ፤ ዋናውንም ለማንም ደላላ አትስጡ።