ቃል ስለሌለን አይታየንም ማለት ነው እንዴ?

"ኤስኪሞዎች ለበረዶ 100 ቃል አላቸው፣ ስለዚህ እኛ የማናየውን ያያሉ።" ስለ ሰሜን ዋልታ አካባቢ ነዋሪዎቹ የምትባለዋን ይቺን ያልሰማ የለም መቼም። ፍራንዝ ቦአስ የሚባል አንትሮፖሎጂስት በፈረንጆቹ 1911 ለምሳሌ ያህል 4 ቃል ጠቀሰ፣ ከዛ ሰው ሲቀባበላት 50 ሆነች 100 ሆነች። ደግሞ ቋንቋቸው አንድ ስር ላይ ቅጥያ እየደራረበ እኛ በዓረፍተ ነገር የምንለውን በአንድ ቃል ስለሚጨርሰው ቆጠራው ራሱ ትርጉም የለውም።

"ቃል ከሌለህ ነገሩ አይታይህም" የሚለው ከሱም ይብሳል። ሐምሌ ላይ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጠው በረዶ ነው፣ ፍሪዘር ውስጥ ያለውም በረዶ ነው፣ ዲሲ ያለችው አክስቴ ጠዋት ጠዋት ከበሯ ላይ በአካፋ የምትዝቀውም በረዶ ነው። ሶስቱን ያምታታ ሰው አይቼ አላውቅም። አክስቴ እንደውም የመጨረሻውን "ስኖው" ብላ ተገላገለች።

"እንግዲያ ቋንቋ ምንም አይለውጥም" የሚሉም አሉ፣ እኔም አንድ ሰሞን ከነሱ ነበርኩ። ግን በ1974 የስነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤልዛቤት ሎፍተስ እና ጆን ፓልመር ለተማሪዎች የመኪና አደጋ ፊልም አሳይተው አንዱን ቡድን፣ በኛ ብንለው፣ "ሲላተሙ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?" ሌላውን ለዘብ ባለ ቃል "ሲጋጩስ?" ብለው ጠየቁ። ከሳምንት በኋላ "የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?" ሲባሉ "ሲላተሙ" ከተባሉት 50 ሰዎች 16ቱ አዎ አሉ፣ "ሲጋጩ" ከተባሉት 50 ደግሞ 7ቱ። ፊልሙ ላይ ምንም የተሰበረ መስታወት አልነበረም!

እኛ ቤትም አለ እኮ። ብርጭቆ ጥሎ "ሰበርኩት" የሚል ሰው ስንት ነው? "አመለጠኝ"፣ "ተሰበረብኝ"፣ ጥፋተኛው ብርጭቆው ተጎጂዎቹ እኛ።

ከዚህ ተነስተው "አማርኛ ጥፋቱን የማያምን ህዝብ አደረገን" የሚሉት ግን አበዙት። ስፓኒሽም እንደኛው "ተሰበረ" ማለት ይቀናዋል፣ እና ኬትሊን ፎሲ እና ሌራ ቦሮዲትስኪ በ2011 ባወጡት ጥናት ሳይታሰብ የተሰበረ ወይ የፈነዳ ነገር ሲሆን ማን እንዳደረገው በማስታወስ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ስፓኒሽ ተናጋሪዎቹን በለጡ፣ ሆን ተብሎ ሲደረግ ግን ሁለቱም እኩል ነበሩ። እናቴ ደግሞ አማርኛ ብቻ ነው የምትናገረው፣ "እማዬ ተሰበረብኝ" ስላት "በእግሩ ሄዶ ወደቀ?" ትለኝ ነበር።