ጎስት ታውን ምንድን ነው? የካሊኮ ነገር

ጎስት ታውን የሚባለው ቤቱ፣ መንገዱና መቃብሩ ቀርቶ ነዋሪው ጓዙን ጠቅልሎ የሄደበት ከተማ ነው። ብዙ ጊዜ በጦር ወይም በጎርፍ የጠፋ ከተማ አይደለም። እንጀራው በአንድ ነገር ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ የኖረ ነው። ያ ነገር ሲቀር ከተማውም ይቀራል።

የካሊፎርኒያዋን ካሊኮ እንይ። ከሎስ አንጀለስ ወደ ላስ ቬጋስ የሚነዳ ሰው ባርስቶ የተባለችውን ከተማ አለፍ እንዳለ በስተግራው ያገኛታል። ቦታው የሞሃቪ በረሃ ነው፤ ውሃ እንኳ ከሩቅ እየተጋዘ ነበር የሚመጣው። እ.ኤ.አ. በ1881 ማዕድን ፈላጊዎች በተራራው ላይ ብር አገኙ። ወሬው ለመሰማት ጊዜ አልፈጀበትም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሱቁም፣ መጠጥ ቤቱም፣ ትምህርት ቤቱም ቆመ። ቤት መሥራት ያልቻለ ቆፋሪ ዋሻ ውስጥ ገብቶ ይኖር ነበር። በ1883 እና በ1887 እሳት ከተማዋን ቢበላትም ሰዉ መልሶ ሠራት። ብሩ እያለ ማን ይሄዳል?

ፖስታ አመላላሹ ደግሞ ውሻ ነበር! ዶርሲ ይባላል። ደብዳቤው በጀርባው ላይ በታሰረ ከረጢት ተጭኖለት፣ ከካሊኮ ተነስቶ ራቅ ብለው ወደሚቆፍሩት ሰዎች ብቻውን ይሄድ ነበር።

ታዲያ ምን ገደላት? ብዙ ሰው ብሩ አልቆ ይመስለዋል። አላለቀም። የወደቀው ዋጋው ነው። በ1890 የወጣ ሕግ የአሜሪካን መንግሥት በየወሩ 4.5 ሚሊዮን አውንስ (አንዱ 31 ግራም ገደማ ነው) ብር እንዲገዛ ያስገድድ ነበር። በ1893 ሕንድ ብር እየተቀበለች ገንዘብ መቅረጿን አቆመች። በዚያው ዓመት የአሜሪካው ሕግም ተሻረ። ከ1 ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረው አውንስ ወደ 63 ሳንቲም ገደማ ወረደ። ነገሩ ካሊኮ ላይ ብቻ የቆመ አልነበረም፤ በእኛ ገበያ ይዘዋወር የነበረው ማርትሬዛ የተባለው የብር ገንዘብም ዋጋው ከብሩ ጋር የተያያዘ ስለነበር በወርቅ ሲመነዘር ረከሰ።

የካሊኮ ቆፋሪ ግን መሄጃ እንጂ መከራከሪያ አልነበረውም። ድንጋዩን ፈልጦ፣ ፈጭቶ ብሩን ለመለየት የሚወጣው ወጪ ከሽያጩ በለጠ። በ1890ዎቹ መጨረሻ ፖስታ ቤቱ ተዘጋ። በአቅራቢያው ይወጣ የነበረው ቦራክስ፣ ለሳሙናና ለመስታወት መሥሪያ የሚውለው ማዕድን፣ ጥቂት ሰው አቆይቶ ነበር፤ እሱም በ1907 ቆመ።

ቀጥሎ ያለው ታሪክ የንግድ ነው። ከካሊፎርኒያ የመዝናኛ ቦታዎች አንዱ የሆነው የኖትስ ቤሪ ፋርም ባለቤት ዋልተር ኖት በ1951 ከተማዋን ገዛት። ወጣት ሳለ እዚያው የማዕድን ሥራ ላይ ሠርቷል። ቤቶቹን እንደ 1880ዎቹ አስመስሎ ካስጠገነ በኋላ በ1966 ለሳን በርናርዲኖ አውራጃ ሰጣት። በ2005 ካሊፎርኒያ የግዛቲቱ የብር ዘመን ጎስት ታውን ብላ በሕግ ሰየመቻት።

እንግዲህ ለጉብኝት የሚሄድ ሰው ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው። ከጥንቱ የቀሩት ቤቶች ጥቂት ናቸው፤ የቀረው ኖት ያሠራው ነው። ለልጆች ደስ ይላል፣ ለእኔ ግን ትንሽ ቲያትር ይበዛበታል። እውነተኛውን የፈለገ በዚያው ግዛት በስተሰሜን ወዳለችው የወርቅ ከተማ ወደ ቦዲ ይሂድ። እዚያ ቤቶቹ እንዳይወድቁ ይደገፋሉ እንጂ አይታደሱም። ዕቃውም በየቤቱ እንደተተወ ነው፤ በመስኮት ይታያል።