«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም»፦ አባባሉና የመሪ ኃላፊነት

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ከሕመምተኛና ከሐኪም ግንኙነት የተወሰደ መሆኑን ቃሉ ራሱ ይናገራል። የአገር ቤት መድኃኒተኛ ሥር ከመማሱና ቅጠል ከመበጠሱ በፊት ሕመምተኛውን አጠገቡ አስቀምጦ የት እንደሚያመው፣ መቼ እንደጀመረው ይጠይቀዋል፤ ሕመምተኛው አፍሮ ቂጥኙን የሆድ ቁርጠት ነው ካለ የሚሰጠው የቁርጠት መድኃኒት ነው። ምሳሌው መድኃኒት ከዓለም ጠፋ አላለም፤ የጠፋው ለደበቀው ሰው ነው።

ይህ አባባል ችግር ለገጠመው መሥሪያ ቤት ኃላፊም ይነገራል፤ ነገር ግን እዚያ ላይ አንድ ከባድ ልዩነት አለ። በምሳሌው የሚደብቀውም የሚጎዳውም አንድ ሰው ሲሆን፣ በድርጅት ግን ኃላፊው የደበቀው በሽታ የሚገድለው ምስጢሩን ያልሰማውን ሰው ነው። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውም ምላስን ከሐሜት ለመጠበቅ እንጂ የሰው ሕይወት ለአደጋ ሲጋለጥ አፍን ለመዝጋት የተባለ አይመስለኝም።

የቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ወደ ታች የሚደፍቀው ኤምካስ የተባለ ሥርዓት ከአንድ ጠቋሚ መሣሪያ በሚመጣ የተሳሳተ መረጃ ሊነሣ ይችል ነበር፤ ሆኖም በአብራሪዎች መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ አልተገለጸም። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ 189 ሰዎች ካለቁ በኋላ እንኳ አምራቹ አውሮፕላኑ ለበረራ አስተማማኝ ነው በማለቱ ጸና። መጋቢት 1 ቀን ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ የ157 ሰዎች ሕይወት ጠፋ። ቦይንግ ሁለት ባለሙያዎቹ የአሜሪካን የበረራ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ስለ ኤምካስ ማሳሳታቸውን ያመነው በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በበኩሉ የምርመራውን ውጤት ሳይጠብቅ የቀሩትን ማክስ አውሮፕላኖቹን ከአደጋው ዕለት ጀምሮ ከበረራ አገደ፤ የወቅቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ተወልደ ገብረማርያምም በዚያው ዕለት ከስብርባሪው መካከል ቆመው ታይተዋል። በ1982 እ.ኤ.አ. በቺካጎ አካባቢ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ታይሌኖል በተባለ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ውስጥ በጨመረው ሳያናይድ የተባለ መርዝ ሰባት ሰዎች ሲሞቱም፣ ጥፋቱ የአምራቹ የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን አልነበረም፤ መሪው ጄምስ በርክ ግን ሕዝቡን አስጠንቅቀው ወደ 31 ሚሊዮን የሚጠጋ ብልቃጥ ከገበያ አሰበሰቡ።

መጋቢት 8 ቀን 2011 ዓ.ም. በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በቢሾፍቱው አደጋ ለሞቱት ኢትዮጵያውያን ሰንደቅ ዓላማ የለበሱ 17 የሬሣ ሣጥኖች ተደርድረው ነበር። አስከሬን አልነበረባቸውም፤ ለሟቾች ቤተሰቦች ከአደጋው ቦታ የተዘገነ አፈር ተሰጥቷቸዋል።