ኩሬውን ያፈረሰው ክረምቱ አይደለም

ነሐሴ በገባ ቁጥር ስልኬ ይጮሃል። «ዝናቡ የጎልፍ ሜዳውን ኩሬ በላው፣ ቶሎ ድረስ!» ከለገጣፎ እስከ ሰበታ በዚህ ጉዳይ ተመላልሻለሁ። ጥፋተኛው ሁሌም ዝናብ ነው። ሰለቸኝ።

ዝናቡ ቀላል ነው አላልኩም። አዲስ አበባና ዙሪያዋ በዓመት ከሚያገኙት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ግማሽ ያህሉ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይወርዳል። ኩሬውን የያዘው የአፈር ግድብ የታመመው ግን በበጋ ነው። መረሬ፣ ያ ጥቁሩ አፈር፣ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሣሩን ለማጠጣት በጋውን ሙሉ ከኩሬው ይቀዳል። ውሃው ሲወርድ ዳርቻው ፀሐይ ይመታዋል፤ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። የክረምት መግቢያ ውሃ በዚያ ይገባና ከውስጥ አፈር እየጠረገ ይወጣል። ነሐሴ ላይ የምታዩት ንዳት የየካቲት ሥራ ነው።

«በሲሚንቶ ይለሰን» የሚባለውም ይህን ካለማወቅ ነው። አንድ ሜዳ ላይ ተከራክሬ ተሸነፍኩ። «ኢንጂነር፣ አንተ ደግሞ ነገር ታከብዳለህ» አለኝ ኃላፊው። ጥር ላይ ተለሰነ፤ ሲያዩት መስታወት ነው። የካቲት ላይ ዘበኛው፣ የድሮ ገበሬ ናቸው፣ ከልስኑ ጫፍ ባለው ስንጥቅ ከዘራቸውን ከተው «በዚህ በኩል ነው የሚሄድ» አሉኝ። ነሐሴ ላይ በዚያው ሄደ። ልስኑን በመዶሻ ስመታው እንደ ከበሮ ጮኸ፤ ከሥሩ አፈር የለም። አነሳነው። የተሰነጠቀውን መረሬ ቆርጠን አወጣን፤ ሸክላ የበዛበት ቀይ አፈር እያረጠብን በ20 ሳንቲም ንብርብር ጠቀጠቅን። ተዳፋቱንም አስተኛነው፦ ለ1 ሜትር ከፍታ 3 ሜትር አግድም። ፎርማኑ ሦስት ጊዜ «ይበቃል» ብሎኛል። አልበቃም ነበር።

«ግድቡ ውስጥ ትልቅ የውሃ ማስወጫ ቱቦ ከተቀበረ ውሃ አያስቸግርም» ይላሉ። ግድብ የሚያፈርሰው በቱቦው ውስጥ የሚያልፈው ሳይሆን በጎኑ የሚሾልከው ነው። ዙሪያው በደንብ ካልተጠቀጠቀ የቱቦው ስፋት ዋጋ የለውም። መውጫው ላይም ድንጋይ ደርድሩ፣ አለዚያ ጉድጓድ ይቆፍራል።

«ባህር ዛፍ አፈር ይይዛል።» ግድብ ላይ አይተከልም! ሥሩ ሲበሰብስ የውሃ መንገድ ይተዋል። ሰርዶ ይበቃችኋል።

«ጋቢዮን ከገባ አለቀ።» ድንጋይ የተሞላውን የሽቦ ሳጥን ማለታቸው ነው። ከኋላው ጂኦቴክስታይል፣ ውሃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር ጨርቅ፣ ከሌለ አፈሩ በድንጋዮቹ መሀል ይወጣል።

«ኩሬው ያፈሳል፣ ውሃ መያዝ አቆመ።» አንዳንዴ ጠብታም አያፈስም፤ ደለል ሞልቶት ነው። ረጅም እንጨት ክተቱና ለኩ።

እና እባካችሁ፣ በበጋ ኩሬውን ጨርሳችሁ አትቅዱት። ዳርቻው እርጥብ ሆኖ ይቆይ። ግንቦት ላይ ግድቡን በእግር ዙሩት። ስንጥቅ ካያችሁ አሸዋ አታፍስሱበት፤ አሸዋ ውሃ ያሳልፋል። ከፈታችሁ፣ አርጥባችሁ፣ በሸክላ አፈር ጠቅጥቁት። ካቃታችሁ ያኔ ደውሉ፤ ግንቦት ላይ ስልኬ ጸጥ ያለ ነው።